ሲጋራን መተው ለወንድና ለሴት እኩል ይከብዳልን?

ባልና ሚስት በአንድ ቀን ተማክረው ሲጋራ ለማቆም ቢወስኑ፣ መንገዱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። በአገራችን ከሚያጨሱት ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች በመሆናቸው፣ ስለ ማቆም የሚሰጠው ምክር ወንዱን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። የምታጨስ እህት ግን አለች። ልጆች ከተኙ በኋላ በጓሮ በኩል ተደብቃ ታጨሳለች፤ የጎረቤትን ሐሜት ስለምትፈራም ሐኪም ፊት ቀርባ እርዳታ አትጠይቅም። ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሳነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ችግሩ የፈቃድ ማነስ አለመሆኑ ነው። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሴት ሰውነት በአማካይ ከወንድ ይልቅ ፈጥኖ ያስወግደዋል። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ይበልጥ ይፈጥንባታል። ኒኮቲኑ ቶሎ ሲያልቅ አምሮቱም ቶሎ ይመለሳል። በተጨማሪም ብዙ ሴቶች የሚያጨሱት ለኒኮቲኑ ብቻ ሳይሆን ጭንቀትንና ንዴትን ለማብረድ ስለሆነ፣ ሐሳብ በበዛ ቁጥር እጃቸው ወደ ሲጋራው ይሄዳል።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካው ለሁለቱም ፆታ ይረዳሉ። ነገር ግን በአንዳንድ ጥናቶች ለሴቶች የሰጡት ጥቅም ከወንዶቹ አንሶ ተገኝቷል። በአንጻሩ ቫሬኒክሊን የተባለው ኪኒን በተለይ ለሴቶች ከፕላስተሩ ብልጫ አሳይቷል። ስለሆነም አንዱ መድኃኒት አልሠራም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሌላ እንዲታዘዝላችሁ የጤና ባለሙያ አማክሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማናቸውንም መውሰድ የለባትም። ዕድሜዋ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖ የምታጨስና ኤስትሮጅን ያለበትን ኪኒን የምትወስድ ሴትም፣ ለልብና ለአንጎል የደም ሥር አደጋ ስለምትጋለጥ ሳትዘገይ ሐኪም ታማክር።

ስለ ቡና አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የኒኮቲን ማስቲካ ከቡና ጋር አይስማማም፤ ቡና ከጠጡ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። የሲጋራ ጢስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ሲጋራውን የተወ ሰው እስከ በረካ ድረስ እንደ ወትሮው ቢጠጣ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍም ያጣል። ይህን የሱሱ ምልክት ነው ብሎ ወደ ሲጋራ ከመመለስ በአቦል መወሰን ይሻላል።

ብዙ እህቶችን የሚያስፈራቸው ሌላው ነገር ውፍረት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨመራል። ሆኖም ጥቅሙ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከ40 ዓመታቸው በፊት ያቆሙ ሴቶች ማጨስ ከሚያመጣባቸው ተጨማሪ የሞት አደጋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን እንደሚያመልጡ አረጋግጧል።

አባቶችም ድርሻ አላችሁ። ሚስት ለመተው ስትታገል ባል ሳሎን ተቀምጦ ቢያጨስ፣ ሽታው ራሱ አምሮቷን ይቀሰቅሰዋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል። የመኖሪያ ቤታችን ጠባቂ ግን እኛው ነን።

ተደብቃችሁ የምታጨሱ እህቶች፣ የመጀመሪያው እርምጃ ለምታምኑት አንድ ሰው መንገር ነው። አምሮቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሆን፣ ከሳምንታት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ ብትመለሱበትም አትፈሩ፤ ብዙዎች የተላቀቁት ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ነው።