«ታዲያ ለምን ጥላው አልሄደችም?»

ባል ሚስቱን ሲደበድብ የሚያሳይ ድራማ በቴሌቪዥን ቀርቦ ባበቃ ቁጥር፣ ከተመልካቹ መካከል አንዱ ይህን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ ጠያቂው ወንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን እኛው ሴቶች ነን። ለዛሬ የምናነሣላችሁ፣ ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ በአንድ ምሽት ወደ 75 ሚሊዮን በሚጠጋ ሕዝብ ፊት የቀረበበትን ድራማና ተመልካቾቹ የሰጡትን ምላሽ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ድራማው «የሚነደው አልጋ» ይባላል። ኤን.ቢ.ሲ. የተሰኘው የቴሌቪዥን ድርጅት ኦክቶበር 8 ቀን 1984 አሳየው። ፌዝ መክኖልቲ የተባለች ደራሲ በ1980 ካሳተመችው መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ መጽሐፉም ልብ ወለድ ሳይሆን፣ በሚሺጋን ግዛት ዳንስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ የአንድ ቤተሰብ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ፍራንሲን ሂዩዝ ትምህርቷን አቋርጣ ያገባችው በ16 ዓመቷ ነበር። አራት ልጆች ወለደች። ድብደባው የተጀመረው በጋብቻው መባቻ ሲሆን፣ እያደር እየከፋ ሄደ። የባልየው ወላጆች ቤት ጎረቤት ስለነበር የሚሆነውን ሁሉ የማያውቅ ዘመድ አልነበረም። በ1971 ፍራንሲን ፍርድ ቤት ቀርባ ተፋታች። እዚህ ላይ እንቁም፤ ብዙ ተመልካች የዘነጋው ይህን ነውና። ሴትዮዋ ጥላው ሄዳለች! ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ የልጆቿ አባት ነውና አስታማሚ ሆና ተመለሰች። ድኖ ሲነሣ ዱላውም አብሮት ተነሣ።

ኋላ ፍራንሲን ራሷን ችላ ለመኖር በማሰብ ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያበቃ ትምህርት ጀመረች። ማርች 9 ቀን 1977 ሰውዬው ትምህርቱን እንድታቆም አዘዘ፤ እየደበደበም መጻሕፍቷንና ደብተሮቿን በገዛ እጇ እንድታቃጥል አደረጋት። ፖሊሶች ተጠርተው መጡ። እንደሚገድላት ሲዝትባት በጆሯቸው ሰሙ። ሆኖም ሲመታት በዓይናችን አላየንም ብለው ተመልሰው ሄዱ። የዚያን ጊዜው አሠራር እንዲህ ያለውን ድብደባ ፖሊሱ ራሱ ካላየው በቀር ወዲያው ለመያዝ አይፈቅድም ነበር። ያን ዕለት ማታ ሰውዬው እንቅልፍ ሲወስደው ፍራንሲን ልጆቿን መኪና ውስጥ አስቀመጠች፤ በአልጋው ዙሪያ ቤንዚን አርከፍክፋ እሳት ለቀቀች፤ ከዚያም በቀጥታ ነድታ እጇን ለሕግ ሰጠች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ችሎቱ ድርጊቱን በፈጸመችበት ሰዓት አእምሮዋ ታውኮ ነበር በማለት በነጻ አሰናበታት።

ተመልካቹን በመጀመሪያ ያስደነገጠው የተዋናይዋ ፊት ነው። ፋራ ፎሴት ከ1976 ጀምሮ «የቻርሊ መላእክት» በተባለው ተከታታይ ትርኢት በውበቷ የታወቀች፣ ፎቶግራፏ በየጎረምሳው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴት ነበረች። በዚህ ድራማ ግን ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ በልዞ፣ ጸጉሯ ተንጨባሮ ታየች። ለሥራዋም ለኤሚ ሽልማት ታጭታበታለች። ነገሩን ያነሣነው ለተዋናይ ወሬ አይደለም። ዱላ የሚያርፍባቸው «እነ እገሊት» ብቻ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው፣ በውበቷ የሚያደንቃትን ሴት እንዲያ ሆና ሲያያት እምነቱ መናጋቱ አይቀርም።

ድራማው ሲያልቅ እርዳታ ለሚፈልጉ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚደወልበት የስልክ ቁጥር ቀረበ። ለዚህ አሠራር ቀደም ያለ ምሳሌ ነበረው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1983፣ ይኸው ድርጅት ተሰርቆ ስለተገደለ አዳም ስለተባለ የስድስት ዓመት ሕፃንና ስለ ወላጆቹ እውነተኛ ታሪክ አሳይቶ፣ በመጨረሻው ላይ የሌሎች የጠፉ ልጆችን ፎቶግራፎች አቅርቦ ነበር። በተመልካቾች ጥቆማም ከልጆቹ አንዳንዶቹ ተገኝተዋል። «የሚነደው አልጋ» በታየ ጊዜ ደግሞ ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያ የሚሰጡ ቤቶች ስልካቸው በረከተ። በእንዲህ ያለው ስልክ ላይ የሚሠሩ ሴቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ስምና አድራሻ አይደለም። «አሁን መናገር ትችያለሽ? ብቻሽን ነሽ?» ነው የሚሉት፤ ባል በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ሴቶቹ የደወሉት ቤንዚን ሳይነሣ በፊት መውጫ ፍለጋ ነው።

ጋዜጦቹ በብዛት የጻፉት ግን ስለ ሌላው ምላሽ ነበር። በሚልዋኪ ከተማ አንድ ሰው ድራማውን አይቶ ተለይታው በምትኖረው ሚስቱ ላይ ቤንዚን አርከፍክፎ እሳት ለኮሰባት፤ ላስፈራራት ብዬ ነው አለ። በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ኩዊንሲ ደግሞ አንዱ፣ እርሷ ሳትቀድመኝ ልቅደማት ብሎ ሚስቱን ደብድቦ ጣላት። በቺካጎ አንዲት ተደብዳቢ ሚስት ድራማውን ካየች በኋላ ባሏን በጥይት መታች። ከዚህ የተነሣ ድራማው ጥፋት አስተማረ፣ ባይታይ ይሻል ነበር ያሉ ወገኖች አልጠፉም። እኛ በዚህ አንስማማም። በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ሥዕል አይተው አንዷ ስልክ አነሣች፣ አንዱ የቤንዚን ዕቃ አነሣ። የሰውዬው እጅ በቤቱ ውስጥ የለመደውን ከቴሌቪዥን ተማረው ለማለት ይከብዳል።

ይልቅስ የሚልዋኪውን ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ያቺ ሴት ተለይታ የምትኖር ነበረች። ተመልካቹ ሁሉ ፍራንሲን ማድረግ ነበረባት ያለውን አድርጋለች። እሳቱ የደረሰባት ጥላው ከሄደች በኋላ ነው።

እርሷም ብቸኛ አይደለችም። በኮነቲከት ግዛት፣ ቶሪንግተን ከተማ፣ ትሬሲ ተርማን የተባለች ወጣት እናት ባሏን ትታ ወጥታ፣ ማስፈራራቱን ደጋግማ ለፖሊስ ስታመለክት ኖራ፣ ጁን 10 ቀን 1983 በስለት ወግቶ አካሏን አጎደለ። የከተማውን ፖሊስ ከሰሰች፤ በ1985 ዳኞቹ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት። በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ በቤት ውስጥ ድብደባ ፖሊስ አጥፊውን እንዲይዝ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የእርሷም ታሪክ በ1989 የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ለተደበደበች ሴት እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ጊዜያት አንዱ ልትለየው ስትነሣና በተለየችው ሰሞን ነው።

እንግዲህ «ለምን አልሄደችም» የሚለው ጥያቄ ወዴት የሚለውን ይዘነጋል። አራት ልጅ ይዛ የሚያስጠጋት ማን ነው? የሥራ ቦታዋን ያውቀዋል፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ የእናቷን በር ያውቀዋል። እናቷም ብትሆን አንድ ሰሞን አስተናግዳ፣ «በይ ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ብላ የምትመልስበት ቤት እኛም ዘንድ ሞልቷል። በአሜሪካ ለተደበደቡ ሴቶች ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ መጠለያዎች አንዱ፣ በሚኔሶታ ግዛት ሴይንት ፖል ከተማ ያለው፣ ሥራ የጀመረው በ1974 ነው። ፍራንሲን ያገባችው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ ነው። ለመጠለያዎች ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚመድበው ሕግ በፕሬዚዳንት ሬገን የተፈረመው ኦክቶበር 9 ቀን 1984፣ ድራማው በታየ ማግስት ነበር። ሁለቱ ነገሮች የገጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ሕጉ ቀደም ብሎ ሲዘጋጅ ቆይቷል። ቀንና ሌሊት የሚሠራ አገር አቀፍ የስልክ መስመር የተከፈተው ደግሞ በ1996፣ ከድራማው 12 ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ከተመልካቾቹ መካከል ፍርድ ቤቱ ፍራንሲንን «ደግ አደረግሽ» ያላት የመሰላቸው ነበሩ። ፍርዱ እንዲያ አላለም። ሕይወቷን ለማዳን ስትከላከል ገደለች እንኳ አላለም፤ አእምሮዋ ታውኮ ነበር ነው ያለው። ስለ ሴቶች መብት የሚከራከሩ ሰዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል፤ አሥራ ሦስት ዓመት የተደበደበች ሴት ልትሰማ የቻለችው እብድ ተብላ ነው ማለታቸው ነበር። ቅሬታቸው መሠረት አለው እንላለን። ሆኖም የሰውዬው ሞት ለልጆቹ የአባት ሞት መሆኑ አይካድም፤ እናታቸውም ይህን ተሸክማ ኖራለች።

ፍራንሲን ከተለቀቀች በኋላ ልጆቿን አሳደገች፤ ሌላ ትዳርም መሠረተች። ያኔ በእሳት የተበሉባት ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያበቁት ደብተሮች ነበሩ፤ ኋላ ግን የነርስነት ትምህርት ጨርሳ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ሕሙማንን ስታስታምም ኖረች። ማርች 22 ቀን 2017 በ69 ዓመቷ ዐረፈች።