ደለሉ ሳይጠረግ ለጥናት መክፈል ብክነት ነውን?

አንድ የአካባቢ መስተዳድር የውኃ መንገዱን ደለል ለማስጠረግ ገንዘብ አጥሮት ሳለ ለኢኮኖሚ ጥናት በጀት ሲመድብ ቢታይ፣ ብዙዎቻችን “ቅንጦት ነው” ማለታችን አይቀርም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻም ይኸው ጥያቄ ይነሳል። በእኔ እምነት ግን ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

ከቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ተነስቶ እስከ ፍሎሪዳዋ ማያሚ የሚዘልቀው የአትላንቲክ ዳርቻ የውስጥ ውኃ መስመር ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወንዞችን፣ የባሕር ሰርጦችንና ሰው ሠራሽ ቦዮችን የሚያያይዝ በመሆኑ ጀልባዎች ከውቅያኖሱ ማዕበል ተከልለው ይጓዙበታል። መስመሩን የሚንከባከበው የፌዴራል መንግሥቱ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር ነው። ችግሩ ያለው ከሚዛኑ ላይ ነው። ለጥገና በጀት ሲደለደል ትልቅ ቦታ የሚሰጠው በመስመሩ ለሚያልፈው የንግድ ጭነት ቶን ነው። በዚህ ሚዛን እህልና የድንጋይ ከሰል የሚጓዝባቸው ታላላቅ ወንዞች ያሸንፋሉ። የመዝናኛ ጀልባው፣ የጀልባ ጠጋኙ፣ የነዳጅ ማደያውና ዳር ላይ ያለው ምግብ ቤት ግን በቶን አይለኩም። ያልተለካ ነገር ደግሞ በጀት ሲያዝ ማን ያስታውሰዋል?

የአካባቢ መስተዳድሮች ጥናት የሚያስጠኑት እንግዲህ ሚዛኑ የዘለለውን ለመቁጠር ነው። የፍሎሪዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 ያቋቋመውና 12 የምሥራቅ ዳርቻ ካውንቲዎችን የሚያቅፈው የውስጥ ውኃ ጉዞ ዲስትሪክት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዲስትሪክቱ ከንብረት ባለቤቶች የሚሰበስበው ግብር ከ1,000 ዶላር ግብር የሚከፈልበት ዋጋ ላይ ከአምስት ሳንቲም በታች ነው። ከዚህም ገቢ ለየካውንቲው የኢኮኖሚ ጥናት አስጠንቷል። ጥናቶቹ መስመሩ ዛሬ ምን ያስገኛል ብለው ብቻ አያበቁም፤ ጥገናው ቢጨምር ምን ይገኛል፣ ጨርሶ ቢቆምስ ምን ይታጣል ብለው ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የሚያሰጋኝም ነገር አለ። ጥናቱን የሚያስጠናው ገንዘቡን ፈላጊው ራሱ ነው። “ዳኛው ዝንጀሮ፣ ችሎቱ ገደል” እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። የዴንማርኩ ምሁር ቤንት ፍሊቭቢዬርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶችን መርምረው፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ወጪው ከእውነተኛው አንሶ ተገምቶ አግኝተውታል። ወጪን ማሳነስ የቻለ እጅ ጥቅምን ማግዘፍ አይከብደውም።

ሌላው ወጥመድ ጠቅላላ ወጪን እንደ ጥቅም መቁጠር ነው። የካውንቲው ነዋሪ በጀልባ ሽርሽር ያወጣው ገንዘብ፣ ጀልባ ባይኖር በዚያው ከተማ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ለካውንቲው አዲስ ገቢ የሚሆነው በዋናነት ከውጭ የመጣ እንግዳ የሚያወጣው ነው። ሁለቱን ደምሮ ትልቅ አኃዝ የሚያውጅ ጥናት ለመግለጫ ያምር ይሆናል እንጂ ለውሳኔ አይበጅም።

ስለዚህ መስተዳድሮቹ ለጥናት መክፈላቸውን እደግፋለሁ፤ በሦስት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ አጥኚው ከደለል ጠረጋው ሥራ ተጠቃሚ የማይሆን ገለልተኛ ወገን ይሁን። ሁለተኛ፣ ስሌቱና መነሻ ግምቶቹ ለግብር ከፋዩ ይፋ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ “መስመሩ አያዋጣም” የሚል ውጤት ቢመጣ መስተዳድሩ ለመቀበል ከወዲሁ ይዘጋጅ። ይህ ሦስተኛው ከሌለ የተገዛው ጥናት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ያን ጊዜ የግብር ከፋዩ ሳንቲም ደለሉንም ሳይጠርግ፣ እውነቱንም ሳያሳይ ይቀራል።