ጩኸት ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት

ከባድ የጊታር ድምፅና የከበሮ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር «ይህ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ጆሮን መያዝ በብዙ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በአንድ ዘፈን ውስጥ የሒሳብ ስሌት መኖሩን የሰሙ ወጣቶች፣ ዘፈኑን በቅጡ ሳያዳምጡ ምሥጢር ፍለጋ ሲደክሙ ይታያሉ። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ስለ ሆነ ጥፋታቸው አንድ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን፣ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የተቋቋመው ቱል የተባለው የሜታል ሙዚቃ ጓድ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ያወጣው «ላተራለስ» የተሰኘው አልበም ነው። የጓዱ አባሎች ዘፋኙ ሜናርድ ጄምስ ኪናን፣ ጊታር መቺው አዳም ጆንስ፣ የባስ ጊታሩ ጀስቲን ቻንስለርና ከበሮ መቺው ዳኒ ኬሪ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው አልበማቸው የወጣው በ1996 ስለ ነበረ፣ አድማጩ አምስት ዓመት ጠብቋል፤ በመካከሉም ከአሳታሚው ኩባንያ ጋር የሕግ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሥራው ሲወጣ 79 ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ አንዳንዱም ዘፈን ከ9 ደቂቃ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። አጭር ዘፈን በሚፈለግበት ገበያ ይህ ለኪሳራ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ550 ሺሕ ቅጂ በላይ ተሸጦ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ «ስኪዝም» የተባለው ዘፈኑም በ2002 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን ውስጥ የግጥሙ ቀለሞች በቁጥር ተደርድረዋል። የእኛ ገጣሚ በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ ስንኙን እንደሚሠራ፣ ኪናንም 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ይወጣል፤ ተመልሶ ይወርዳል፤ ኋላም እስከ 13 ይደርሳል። እያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር የሚሆንበትን ይህን ተራ፣ ፊቦናቺ የተባለው የፒዛው ሌዎናርዶ በ1202 በመጽሐፉ ገልጾታል።

የአዝማቹም ምት በ9፣ በ8 እና በ7 እየተቈጠረ ይሄዳል። ከጓዱ በኩል እንደ ተነገረው፣ ዘፈኑ መጀመሪያ የተጠራው በነዚሁ በሦስቱ ቁጥሮች ሲሆን፣ 987 ራሱ የዚያው ተራ 16ኛ ቁጥር መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ይህን ነው፤ ምቱ ቀደመ፣ ስሌቱ ተከተለ።

አልበሙ ለጆሮ ሁሉ እንደማይስማማ የታወቀ ነው። ርዝመቱና ክብደቱ ያሰለቻል የሚሉ አሉ፤ ሰምተው ከሆነ መብታቸው ነው። የማይገባው ሳይሰሙ መንቀፍ ነው። ቁጥሩን ብቻ አንሥተው የሚያመሰግኑትም ቢሆኑ ከነቃፊዎቹ አይሻሉም፤ ያን የቁጥር ተራ ማንም ተማሪ በወረቀት ላይ ሊጽፈው ይችላልና። ሙዚቃ ያደረገው፣ አራት ሰዎች አንዱ ሌላውን እያዳመጠ፣ ምት ሳይስቱ አብረው እስኪሄዱ ድረስ የደከሙበት ልምምድ ነው።

እንግዲህ ተማሪ መጽሐፉን ሳይጨርስ አይተች፤ መዝገብ የቀረበለትም ወጣት ሹም ሽፋኑን አይቶ ወይም ከመጨረሻው ገጽ ድምሩን ብቻ አንብቦ አይወስን። «ላተራለስ»ን 79 ደቂቃ ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው፣ ቢወደውም ቢጠላውም፣ ፍርዱ ከሌላ የተዋሰው ሳይሆን የራሱ ነው።