ሰፊ ጎማ፣ ጠባብ ሒሳብ

«ሰፋ ያለ ጎማ ግጠምላት፣ መሬት ትነክሳለች!»

ይህቺን ምክር ያልሰማ የስፖርት መኪና ወዳጅ ካለ እጁን ያውጣ። ጎሚስታው ይላታል፣ ቸርኬ ሻጩ ይላታል፣ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ አላፊ አግዳሚውን መኪና ሁሉ የሚገመግመው ጓደኛችሁም ይላታል። ምን ያህል ሰፋ ያለ? በየትኛው ቸርኬ ላይ? የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀትስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ሦስቱም ዝም ናቸው። የጠየቀ «አካባጅ» ይባላል። ጠያቂዋ ሴት ከሆነች ደግሞ «እህቴ፣ አንቺ ቀለሙን ምረጪ፣ ጎማውን ለእኛ ተይው» ትባላለች። (አልተውኩትም። ይኸው እየጻፍኩ ነው።)

ክርክሬ አንድ ነው። የስፖርት መኪና ጎማ ሲቀየር ልኩን መምረጥ ያለበት ሒሳብ እንጂ ዓይን አይደለም። ዓይን ሁሌም ሰፊውን ይመርጣል። ሒሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የነበረውን መልስ» ነው የሚለው። ይሄ መልስ ደግሞ ለጉራ አይመችም።

ምሳሌዬ ቶዮታ 86 ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለች፣ ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሯት፣ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ የኋላ ጎማዎቿ የሚገፏት ቀላል መኪና። በብዙ አገር ከፋብሪካ ስትወጣ የተጫማችው ጎማ 215/45አር17 ሚሽሊን ፕራይማሲ ነበር። ይሄ ጎማ ማን ላይ እንደሚገጠም ታውቃላችሁ? ፕሪየስ ላይ! ቤንዚን ቆጣቢዋ፣ የታክሲ ሾፌሮች ወዳጅ ፕሪየስ! ያኔ የሳቀ ብዙ ነበር። ግን የመኪናዋ ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳና ባልደረቦቻቸው ሰፊ ጎማ ጠፍቷቸው አልነበረም። አውቀው ነው ያጠበቡት። የፈለጉት መኪናዋ በመጠነኛ ፍጥነትም ለነጂው እንድትናገር፣ መንሸራተት ስትጀምርም ቀስ ብላ እንድታስታውቅ ነው። በጣም ሰፊና በጣም የሚይዝ ጎማ ዝም ብሎ ይይዝ ይይዝና፣ ሲለቅ ግን በትልቅ ፍጥነት ላይ ሆናችሁ ነው የሚለቃችሁ።

እስቲ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እናንብበው። ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት፤ ለዚህ ሒሳብ ግን ስድስተኛ ክፍል ይበቃል። 215 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 45 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ወደ 97 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አር ራዲያል ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። አሥራ ሰባት ኢንች 431.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ያለውን የጎማ ጎን፣ ማለትም 193.5 ስትደምሩበት 625.3 ታገኛላችሁ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ይሄ ነው፤ ማርሹም፣ ፍጥነት መለኪያውም፣ የፍሬኑ ኮምፒውተርም በዚህ ቁጥር ነው የተቃኙት።

አሁን ያ የካፌ ወዳጃችን 235/45አር17 ይሻላል አለ እንበል። 643.3 ሚሊ ሜትር። ወደ 3 በመቶ ጨመረ። ፍጥነት መለኪያው ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር 100 ሲል እናንተ በ103 እየሄዳችሁ ነው። (ፋብሪካዎች መለኪያውን ትንሽ አጋንነው ስለሚሠሩት የተወሰነው ይቻቻላል። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ቆማችሁ ግን ይህን ለማስረዳት ሞክሩ።) የሚገርመው ሌላው ነው። ጎማው ሲረዝም ማርሹ ሁሉ እንደረዘመ ይቆጠራል፤ መኪናዋ ስትነሳ ትደክማለች። ሰፊ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ክብደትም አለው፣ ሞተሩ እሱንም ማሽከርከር አለበት። እንድትፈጥን ብላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ አዘገያችኋት ማለት ነው!

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሒሳብ ሠራሁ የሚለውንም ይይዛል። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ያገለገለች 86 ገዝቶ አንድ ጎማ ቤት 245/40አር17 ሊሸጡለት ነበር። ቁመቱ 627.8 ነው፣ ከፋብሪካው ጋር ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። «ሒሳቡ ልክ ነው፣ ደግሞም ይገባል» ተባለ። አዎ፣ ይገባል። ግን የ86 የፋብሪካ ቸርኬ ስፋቱ 7 ኢንች ነው፤ 245/40 የሚፈልገው ደግሞ ቢያንስ 8 ኢንች ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ የተጨቆነ ሰፊ ጎማ ጎኑ እንደ ፊኛ ይቆዘራል። መሪውን ስታዞሩ ቀድሞ ጎማው ይወላገዳል፣ መኪናዋ ቆይታ ትከተላለች። ተሳላ ትዞራለች የተባለችው መኪና ገንፎ ሆነች ማለት ነው። ልጁ በመጨረሻ 215ቱን ጠብቆ፣ በተረፈው ብር የተሻለ ጥራት ያለው ጎማ ገዛ። 225/45 ቢፈልግ ኖሮ እኔም አልከራከረውም ነበር፤ በ7 ኢንች ቸርኬ ይሄዳል፣ በቁመትም የሚጨምረው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። እኔ የተጣላሁት ከስፋት ጋር ሳይሆን «ገባ» ከሚባለው መለኪያ ጋር ነው።

«ሰፊ ጎማ የበለጠ መሬት ይነካል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። መኪናዋ ያው፣ ነፋሱም ያው ከሆነ መሬት የሚነካው የጎማ መጠን ብዙም አይጨምርም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ሰፊና አጭር ይሆናል። በደረቅ አስፋልት፣ ኩርባ ላይ ይህ ይጠቅማል፣ አልክድም። ውሃ ላይ ግን ሰፊው ጎማ ውሃውን ቶሎ ገፍቶ መጨረስ ያቅተውና ቀድሞ ይንሳፈፋል። የሐምሌን ዝናብ ቀለበት መንገድ ላይ ያየ ሰው ይህን ለማመን ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ቸርኬውን አሳድጎ የጎማውን ጎን ማሳጠርማ ለኛ ከተማ ጉድጓዶች ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ያ የጎማ ጎን እኮ ትራስ ነው! ትራሱን የቀነሰ ሰው ቸርኬ የሚያቃናው ባለሙያ ቋሚ ደንበኛ ይሆናል።

«ታዲያ ፖርሽ ለምን ይሰፋል?» የሚሉኝ አሉ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አሁን ያለችው 911 ካሬራ ከፊት 235/40አር19፣ ከኋላ 295/35አር20 ትጫማለች። ሞተሯ ከኋላው አክስል በስተጀርባ ተቀምጧል፣ ክብደቷ ወደ ኋላ ነው፣ ጉልበቷም ከኋላ ነው የሚወጣው። ኋላዋን ያሰፉት ሚዛኗን ለክተው ነው። ፖርሽ ሞክሮ ያጸደቀው ጎማ እንዲያውም «ኤን» የሚል ምልክት ይታተምበታል። እኛ የምንኮርጀው ስፋቱን እንጂ ልኬቱን አይደለም። አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ሱባሩ ይሁን ሌላ፣ ሁለቱን ብቻ በሌላ ልክ ከመቀየራችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። አራቱ እኩል ካልዞሩ መሃል ያለው ዲፈረንሲያል ሳያርፍ ይፋጫል፤ የሱ ዋጋ ከአራት ጎማ ይበልጣል።

ስለ ስፋት ሲጮህ ከሚውለው መንጋ ውስጥ የጎማ ዕድሜ የሚጠይቅ አይቼ አላውቅም። ፖል ዎከርን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ»ን እያየን አይደል ያደግነው? እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላሪታ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ የሞተባት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ጎማዎቿ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው ብለዋል፤ በሰዓት ከ129 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገምተዋል። የጎማዎቹ እርጅናም የመኪናዋን አያያዝ ሊጎዳ እንደሚችል መዝግበዋል። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑ ላይ በ«ዲኦቲ» የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ነው ተብሎ ከነላስቲኩ ቢሸጥላችሁም ልደቱ ያው ነው። ጎሚስታው ፊት ጎንበስ ብሎ ማንበብ ያሳፍራል? ያሳፍር።

ከልኩ በኋላ የሚመጡትን ሁለት ምልክቶችም አትዝለሏቸው። 87 ደብልዩ ሲል አንዱ ጎማ እስከ 545 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ በነጻ ቢሰጣችሁም አትግጠሙ። ይህ ነገር ለኛ አገር እየባሰ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ታግዷል፤ የሚገቡት ባለ ባትሪዎቹ ናቸው። ባትሪ ከባድ ነው፣ መኪናዎቹም ሲነሱ ፈጣን ናቸው። እነሱ ላይ ጎማን በመልኩ ብቻ የሚመርጥ ሰው ጨዋታው ከበፊቱ ከብዷል።

የመጨረሻዋን ማምለጫም ላንሳት፦ «ሶማሌ ተራ ልኩን ፈልጌ አጣሁ።» ለብርቅ መኪና እውነት ሊሆን ይችላል። 215/45አር17 ግን የፕሪየስ ልክ ነው ብያችኋለሁ፤ ከዓለም የተለመዱ ልኮች አንዱ ነው። በእውነት ከጠፋ ደግሞ ቁመቱ ከፋብሪካው ከ3 በመቶ በላይ የማይርቅ፣ ለቸርኬያችሁ ስፋት የተፈቀደ፣ ጭነቱና ፍጥነቱ ከበፊቱ ያላነሰ ፈልጉ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። ሻጩ «እኔ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ» ብሎ ቢቆጣ፣ የቸርኬውን ስፋት በኢንች እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ቀጥሎ ያለው ሱቅ አምስት እርምጃ ነው።