የቆመ መኪና አይታመንም

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ሳይ የመኪናዬ ፍሬን ዲስክ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ አዲስ ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። የለም ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ! ሸራው የሚነክሰው የዲስኩ ፊት ቀለም የሌለው ባዶ ብረት ስለሆነ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ቀስ እያልክ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ብትይዝ ሸራው ራሱ ይጠርገዋል።

የሚያስፈራው ሌላው ነው። ማርች 27 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ በኮሮና ስትዘጋ፣ ወደ ሎኬሽን ዕቃ የማመላልስባትን አሮጌ ፒካፕ አጥቤ፣ ውሃው ሳይደርቅ የእጅ ፍሬኗን ስቤ ጀፕስታውን ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ንጽሕና መስሎኝ! አምስት ሳምንት ቆየች። ሜይ ላይ ሞተሯ ወዲያው ቢነሳም መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች፤ የኋላው ሸራ በዝገት ተጣብቋል። ነዳጅ ስሰጣት «ቋ!» ብላ ተላቀቀች። እኔም ሳላስመረምር ወጣሁ።

ቁልቁለት ላይ ልጅ ያዘለች እናት መንገድ ስታቋርጥ ፍሬን ብረግጥ፣ መሪው ተንቀጠቀጠ፣ ብረት ሲፋቅ ተሰማኝ። መኪናዋ የቆመችው ከሴትየዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ዙሉኛ ባልሰማም ስድቧ በደንብ ገብቶኛል።

መካኒኩ ዲስኩን አውልቆ አሳየኝ፤ ሸራው ያረፈበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል። ቶርኖ ቤት እንዳይላጥ፣ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ሊወርድ ነው። ሁለት ዲስክና ሙሉ ሸራ በዱቤ ገዛሁ።

እንግዲህ ከእኔ ተማሩ፦

መኪና ስታጥቡ ወዲያው አታቁሙ። ትንሽ ነድታችሁ፣ ፍሬን ደጋግማችሁ ያዙና ይድረቅ።

ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ጣሪያ ሥር፣ ሜዳ ላይ አቁሙት፤ ማርሽ አስገቡ፣ ታኮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። በሳምንት አንዴም ንዱት፤ ሞተር ማስነሳት ብቻ ፍሬን አያጸዳም።

ዲስክ ላይ ዘይትም ግሪስም አትቀቡ! ሸራው ከጠጣው መኪናው አይቆምም።

ጥቂት ነድታችሁ መንቀጥቀጡና ፍቅፍቅታው ካልጠፋ ግን በቀጥታ ጋራዥ ግቡ።

ደርባን ያላችሁ የባሕሩን ጨው፣ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው አትርሱ፤ ዝገትን ያፋጥናል።

ያቺ እናት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነች። በሰው አገር ዕዳ ይከፈላል፤ የሰው ነፍስ ግን በምን ይከፈላል? ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።