የእርከን ሥራ ከውሃ መውረጃ ይጀመር

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ የዓባይን በረሃ በጠመዝማዛው መንገድ ሲወርድ መጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጄሶ እያየ ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ያጋጥመዋል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይ ይሉታል፤ ዕድሜውም 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ለልምድ ልውውጥ የሚጓዙ የገበሬ ማኅበር መሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥፍራ በሙቀቱ ምክንያት እያንቀላፉ ያልፉታል። ለሩብ ሰዓት ያህል ወርደው ቢመለከቱት ግን ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ቁም ነገር ያገኙበት ነበር።

ድንጋዩ ጥንት ውሃ አምጥቶ ያነጠፈው አሸዋ ተጭኖና ተጣብቆ የተሠራ ነው። ያመጣው ውሃ፣ መልሶ የሚወስደውም ውሃ ነው። ጠንካራው ንብርብር እንደ ቤት ክዳን ወጣ ብሎ ሲቀር፣ ከሥሩ ያለው ልል ክፍል ተቦርቡሮ ገብቷል። ጎርፍ የሚወርድበት መስመር ደግሞ እንደ ቦይ ተፈልፍሏል፤ ግራና ቀኙ ግን ያን ያህል አልተነካም። በአንክሮ መታየት ያለበት ይህ ነው። ዝናቡ የወረደው በአለቱ ሁሉ ላይ ሲሆን፣ አብልጦ የቆረጠው ግን በአንድ መስመር ተሰብስቦ፣ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ በሮጠበት ላይ ነው። የተሸከመው አሸዋ ድንጋዩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

አለቱን እንዲህ ያደረገ ውሃ የታረሰ አፈር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1985 ዓ.ም. ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በኩንታል ሲቆጠር 420 ይሆናል። ከአንድ ሄክታር ይህን ያህል ጤፍ ያፈሰ ገበሬ የለም።

መድኃኒቱ እርከን መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥና ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ አፈረሰው። ስንፍና ነው የሚሉ አልጠፉም። ገበሬው ግን ምክንያት ነበረው፤ እርከኑ መሬቱን አጠበበበት፣ አይጥ አራባበት፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ውሃ አቆረበት። መውጫ ያላገኘ ውሃም ካቡን ጥሶ በአንድ ቦታ ሲወርድ፣ በዓባይ በረሃ አለት ላይ የሚታየውን ሥራ በማሳው ላይ ሠራው።

ዝናብ በሚበዛበት በጎጃም፣ በአንጀኒ የምርምር ጣቢያ በ1978 ዓ.ም. የተጀመረው የፋንያ ጁ እርከን ሲቀየስ፣ ትርፉን ውሃ ወደ ጎን እንዲያወጣ መጠነኛ ዝቅታ ተሰጥቶት ነበር። ወደ ጎን የወጣው ውሃ ግን የት ይሂድ? አስቸጋሪው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ባለ ማሳ በበሬ የሚያወጣው ፈሰስ የታችኛውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ጠቡ ወደ ሽማግሌ፣ አልፎም ወደ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የውሃ መውረጃ የብዙ ሰው መሬት የሚነካ በመሆኑ ባለሙያ ቀይሶ ብቻ የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። መሬቱን የሚያስማማው የማኅበሩ መሪ ነው። በሪፖርት ላይ ግን የእርከን ኪሎ ሜትር ስለሚያምር፣ መሪው ወደሚቆጠረው ሥራ ያዘነብላል።

ስለዚህ ችካል ከመተከሉ በፊት መሪው ከላይና ከታች ያሉትን ባለ ማሳዎች ይዞ ተዳፋቱን በእግሩ ሊወርድ፣ መውረጃው የሚያልፍበትንም በስምምነት ሊወስን ይገባል። መሬቱ የተነካበት ገበሬ ባዶ እጁን መቅረት የለበትም። በመውረጃው ላይ የሚበቅለው ሣር የእርሱ ቢሆን፣ ከእርከኑ የሚጠቀሙት ጎረቤቶቹም በጉልበት ቢያግዙት ፍትሐዊ ነው። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ማስፈር ይሻላል፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የቃል ስምምነት የሚዘነጋ ብዙ ነውና።

መውረጃው ሣር ይዞ እስኪጠነክር ቢያንስ አንድ ክረምት ይፈልጋል። በመጪው በጋ መውረጃው ተቆፍሮ ሣር ይተከልበት፤ ውሃውን ወደዚያ የሚያወጣው እርከን ለከርሞ ይቆይ። በዚያ ዓመት በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢሆን መሪውን ሊያሳፍረው አይገባም።