የልብስ ማጠቢያ መኪና ከቤት ሲገባ

ልብስ ማጠብ ወገብ የሚያጎብጥ፣ እጅ የሚልጥ ሥራ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስለዚህም የልብስ ማጠቢያ መኪና ብዙ ቤተሰብ ዕቁብ እየጣለ የሚጠብቀው ዕቃ ሆኗል። የእኛም ተራ ደርሶ መኪናው ከቤታችን ከገባ አምስት ሳምንት ሆነው። በእነዚህ ሳምንታት የታዘብኩትን፣ ለመግዛት ለምታስቡም ሆነ ገዝታችሁ ጥግ ላቆማችሁት ይጠቅም እንደሆነ ላጫውታችሁ።

አስቀድሞ የብሎኖቹ ነገር። ከፊት የሚከፈተው ዓይነት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ልብሱ የሚሽከረከርበት በርሜል በመንገድ እንዳይንገላታ ከጀርባው ብዙውን ጊዜ በአራት ረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ሳይፈቱ ከተሠራበት፣ መጭመቅ የጀመረ ጊዜ ቤቱን ያናውጣል፤ ከቆመበት እየዘለለ ይሄዳል፤ ውስጡም ይጎዳል። የእኛን ያመጡት ሠራተኞች አስቀምጠውት ሊወጡ ሲሉ ብሎኖቹን ያሳያቸው መመሪያውን ቁጭ ብሎ ያነበበው ታላቁ ልጃችን ነው። ብሎኖቹን ግን አትጣሏቸው፤ ቤት የምትቀይሩ ዕለት ትፈልጓቸዋላችሁ። ከዚያም እግሮቹን እያጠበቃችሁና እያላላችሁ መኪናውን በውኃ ልክ አስተካክሉት።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ጭንቀት ውኃው ነው። ሰባት ኪሎ ልብስ የሚይዝ መኪና ለአንድ እጥበት 50 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል መሆኑ ነው። በሳፋ ታጥቦ ሦስት ጊዜ ሲለቀለቅ በእኛ ቤት ይደፋ የነበረው ከዚህ ይበልጥ ነበር። ይልቅ የሚያስቸግረው ግፊቱ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውኃ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከመኪናው አምስት ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ግማሽ ባር ቢሰጥ ነው። እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ስንት እንደሆነ ሻጩ ከመመሪያው ላይ ያሳያችሁ። በቃሉ አትመኑት።

ውኃ የሚያሞቀው ክፍል 2,000 ዋት ያህል ይስባል። ስለዚህ መኪናው የመሬት ገመድ ባለው የራሱ ሶኬት ላይ እንጂ፣ ቴሌቪዥኑና ማቀዝቀዣው በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይሰካም፤ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓትም ባይነሣ ይሻላል። መብራት በእጥበት መካከል ቢጠፋ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራልና ከእሱ ጋር አትታገሉ። መብራቱ የሚዘገይ ከሆነ መኪናው ይነቀልና፣ ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላ ከታች በኩል ያለው ማጣሪያ ቀስ ብሎ ሲፈታ ውኃው ይወጣል፤ ዝርግ ሳህን ከሥሩ ማኖር ነው። ከዚሁ ማጣሪያ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አንድ ጊዜም የልጅ ጥርስ አግኝቻለሁ።

ሳሙናን በሚመለከት፣ በእጅ ለማጠብ የተዘጋጀው ዱቄት አረፋው ይበዛል። በሳፋ ውስጥ አረፋ ደስ ይላል፤ በመኪና ውስጥ ግን ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ አልፎም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ለመኪና ተብሎ የተሠራውን መግዛት ነው። እንዶድ ለመጨመር ያሰባችሁም ተዉት፤ እሱም አረፋ አብዢ ነው። (እንዶድን መናቄ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፣ ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ነው።) ነጠላ ደግሞ ድሩ ስስ ነውና በትራስ ልብስ ውስጥ ተቋጥሮ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በዝግታ ካልሆነ አይግባ። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ መሞከር ይቻላል።

ይህ ሁሉ መመሪያ ሲያነቡት የሚገኝ ነው። መመሪያው የማይነግረው ነገር ግን አለ።

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ የሚያጥቡልን እናት አሉ። መኪናውን ባዩ ጊዜ እጃቸውን በሻሻቸው ጠርገው ክዳኑን ዳሰስ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እንግዲህ እኔን ይኸው ሊተካኝ ነዋ?» አሉኝ። ለቤት ኪራይ የሚከፍሉት ከእኛና ከሌላ አንድ ቤት በሚያገኙት ነው። ባለቤቴ ማታ፣ «ታዲያ ለሁለቱም እንዴት እንከፍላለን?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የመኪናውን ዋጋ አስልተን ስንነጋገር የእሳቸው ቀን በሒሳባችን ውስጥ አልነበረም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህ ንግግር መኪናው ከመገዛቱ በፊት በየቤቱ ሊደረግ ይገባዋል። ከተገዛ በኋላ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው አጣቢዋ በሌለችበት ነው።

እኛ ቀናቸውንም ክፍያቸውንም እንዳለ አቆየን። ልብሱን ይለያሉ፤ አንገትጌና ክንድ ያሻሉ፤ በቤታችን ትንሽ መኪና የማይሞከረውን ጋቢ በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ይተኩሳሉ። ቀድሞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያቆያቸው የነበረው ሥራ አሁን ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የራሳቸው ነው። የወር ገቢው ለጠበበ ቤተሰብ ይህ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። እኛም ከዚህ የተነሣ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነውን ምንጣፍ ትተነዋል።

እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ በመኪናው ላይ ያሉት ጽሑፎች አልረዷቸውም። በጥፍር ቀለም መዘውሩ ላይ ነጥብ አደረግሁላቸው፤ ለነጭ ልብስ አንድ፣ ለባለ ቀለም ሁለት፣ ለሕፃን ልብስ ሦስት። በሁለተኛው ሳምንት ብቻቸውን ያስነሡት ጀመር። ባለቤቴም መመሪያውን ትቶ የሚከተለው ነጥቦቹን ነው።